ሊል ላይ ቆመን ያሳለፍነው ምሳ

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔ ለሆዴ የማፍር ሰው አይደለሁም። ሲርበኝ ራበኝ እላለሁ። ሰው ቤት ሄጄ "ብላ" ሲሉኝ ሦስት ጊዜ እስኪለምኑኝ አልጠብቅም። ባለቤቴ እታገኝ በዚህ ጠባዬ ስታፍር ኖራለች። "ኧረ ለወጉ እንኳን እንቢ በል፣ ምን ይሉናል?" ትለኛለች። ምን ይላሉ? በላ ይላሉ! ታዲያ እንዲህ ያለሁት ሰውዬ ፈረንሳይ አገር ድረስ ሄጄ፣ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ፊት ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ በባዶ ሆዴ ተገትሬ ዋልኩ ብልህ ታምነኛለህ? እታገኝም አላመነችም።

ነገሩ የመጣው በዮናስ ነው። ዮናስ የሟች ወንድሜ ልጅ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ነው እኛ እጅ የገባው። ለእኔና ለእታገኝ እግዜር ልጅ አልሰጠንም፤ እሱን ሰጠን። ዌምብሊ እኛ ቤት አደገ፣ ተማረ፣ አሁን ቤቱ ቁጭ ብሎ በላፕቶፕ የሚሠራ ሰው ሆኗል። ሥራው ምንድን ነው ብለህ እንዳትጠይቀኝ። ሦስት ጊዜ አስረድቶኝ ሦስቱንም ጊዜ ገባኝ ብዬ ዋሽቼዋለሁ።

ይኸው ልጅ አንድ ቅዳሜ መጣና "ጋሼ፣ ላገባ ነው" አለኝ። ክሌር ትባላለች፣ ፈረንሳዊት ናት፣ የተዋወቁት እዚሁ ለንደን ነው። ቤታችንም መጥታ ታውቃለች። ጨዋ ልጅ ናት፣ ሽሮ ሲቀርብላት ሳህኑን ጠርጋ ነው የምትነሳው። እታገኝ ደስታዋን አልቻለችውም። በነጋታው እኛ መንገድ ጥግ ላይ "የሚከራይ" የሚል የተለጠፈበትን ቤት በመስኮት ስታይ ያዝኳት። እዚህ ይከራያሉ፣ ሲወልዱ እኔ አሳድጋለሁ፣ ክሌርም ሥራዋን አትፈታም አለች። ዮናስ ቀስ ብሎ፣ ክሌር እናትና አባቷ ያሉበት ሊል የሚባል ከተማ ሥራ ተገኝቶላታል፣ የት እንደምንኖር ገና አልወሰንንም አለ። እታገኝ አልሰማሁም አለች። እኔም አልሰማሁም። ሰው መስማት የማይፈልገውን ሲነግሩት ጆሮው እንዴት እንደሚደፈን ታውቃለህ።

ደግሞ ሌላ ጭንቅ ነበር። የክሌር አባት ዮናስን አንዴ አግኝቶት ወዶታል፤ ግን "የልጁን ሰዎች ሳላይ ሙሉ ልብ አይኖረኝም" ብሏል። እናም ምሳ ጠርቶናል። ዮናስ ለመነኝ። "ጋሼ፣ ሄደህ ብላ፣ ፈገግ በል፣ ተመለስ። ሌላ ምንም አታድርግ።"

ሌላ ምንም አታድርግ? የወንድሜን ልጅ ያለ ሽማግሌ ልድረው? አባቱ ቢኖር አገር ሰብስቦ ይልክለት አልነበር? "ሦስት ሆነን እንሄዳለን፣ ልጅቷን በወግ እንጠይቃለን" አልኩ። አንተም ክሌርም እዚያ ድርሽ እንዳትሉ፣ በሽምግልና ቀን ሙሽሮች አይታዩም አልኩት። ዮናስ ግንባሩን ያዘ።

ወጉን መቼም ታውቀዋለህ። የተላከ ሽማግሌ ገብቶ ዘፍ ብሎ አይቀመጥም። "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም፣ እህል ውሃም አንቀምስም" ብሎ ይቆማል። የቤቱ ሰው እንግዳ ቆሞ፣ ምግብ ሲበርድ እያየ አንጀቱ አይችልም። "ኧረ ተቀመጡ፣ ምን እግር ጣላችሁ?" ይላል። ያኔ ነገሩ ይነሳል። የልጅቷም አባት ቢሆን ወዲያው እሺ አይልም። "ቤተ ዘመድ እናማክር፣ በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ" ማለት አለበት። ቶሎ እሺ ካለ ልጁን አራከሰ ነው የሚባለው። ይህን ሁሉ እኛ እናውቃለን። ፈረንሳዮቹ አያውቁም። ጉዱ እዚህ ላይ ነው።

አንደኛው ሽማግሌ ሐጂ ኑሩ ናቸው። የሃርልስደን ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ ኖረው አሁን ጡረታ ወጥተዋል። በእኛ በኩል እሳቸው የሌሉበት ሽምግልና የለም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም እሳቸውን ነው የሚልከው። አንድ ጊዜ ሰባተኛ ፎቅ ላይ አንድ ቤት ገብተው አንድ ሰዓት ከሩብ ቆመዋል ይባላል። ሊፍቱ ተበላሽቶ ደረጃውን በእግራቸው ወጥተው ነው ደግሞ። የልጅቷ እናት ወጡ ሲበርድ አይታ አለቀሰች፣ አባትየው ተሸነፈ። ሁለተኛው ወንድም ታደሰ ነው። የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ለስላሳ ሰው፣ በጋም ክረምትም ጥቁር ሱፍ ነው የሚለብሰው። ስኳር አለበት። ሦስተኛው እኔ፣ ፓርክ ሮያል ሳንድዊች ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የዶሮና የማዮኔዝ ሙቀት ቼክ ሳደርግ የምውል ሰው።

በማለዳ ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ተገናኝተን ባቡር ተሳፈርን። ገና እንደተቀመጥን ሐጂ መመሪያ ሰጡ። ከዚህች ደቂቃ ጀምሮ መልስ ሳናገኝ ምንም ነገር ወደ አፍ አይገባም አሉ። ወንድም ታደሰ፣ ሐጂ እኔ እኮ ስኳር አለብኝ አለ። አንተማ ኪኒንህን ዋጥ፣ እህሉን ግን ተው አሉት። እኔ ቁርስ አልበላሁም ነበር። ምሳ እንደሚጠብቀኝ እያወቅሁ ቁርስ ለምን ልብላ? ብልጥ ነኝ ብዬ እኮ ነው!

ሊል ደረስን። የክሌር አባት ሙሴ አንድሬ ከባለቤቱ ከማዳም ሲልቪ ጋር ጣቢያ ድረስ መጥቶ ተቀበለን። በእኔ ጊዜ አዲስ አበባ ያለ ፈረንሳይ ሁሉ ሙሴ ነበር፤ እኔም ሙሴ አልኩት፣ ደስ አለው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ባለ ጺም ሰው ነው። የባቡር መሐንዲስ ነበር። እንግሊዝኛው እንደኔው ነው፣ ስለዚህ በደንብ ተግባባን። "መጀመሪያ ከተማዬን፣ ከዚያ ምሳ" አለና ጃንጥላውን እንደ ዱላ ይዞ ፊት ፊት ሄደ።

ከተማው መቼም ውብ ነው፣ እውነት ለመናገር። የድንጋይ ንጣፍ፣ በቀይ ጡብ የተሠሩ ጠባብ ጠባብ ቤቶች፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፎ የቆመ። ግን የተራበ ሰው ሕንፃ ያያል? ገና ከመንገዱ አንድ የቆየ የኬክ ቤት አስገባን። ስስ፣ መሀሉ ቫኒላ ያለው ዋፍል ገዛና ወረቀቱን ከፍቶ አፍንጫችን ሥር አቀረበው። ሐጂ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "ሜርሲ፣ ጠግበናል" አሉ። ጠግበናል! የኔ ሆድ እዚያው ሱቅ ውስጥ ጮኸ፤ ማዳም ሲልቪ ሰምታዋለች። ሙሴ አንድሬ ዋፍሉን በዝግታ መልሶ ጠቀለለው።

ከዚያ አንድ ጥንታዊ ግቢ ወሰደን። ውስጡ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ፣ ቼዝ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች አሉ። ሙሴ አንድሬ ስለ ቅርጻ ቅርጹ ያስረዳል፣ እኔ ቼዝ ተጫዋቹ በግራ እጁ የያዘውን ዳቦ አያለሁ። ካቴድራሉን አየን፤ ፊቱ በስስ ዕብነ በረድ ተሠርቶ ከውስጥ ሲታይ ብርሃን ያስተላልፋል። ወንድም ታደሰ ሃሌ ሉያ አለ። እኔ ተቀመጥኩ።

ቀጥሎ አይብ ቤት። ወይ አይብ! ሽታው ከመንገዱ ማዶ ነው የተቀበለን። ባለሱቁ ቆንጥሮ በቢላዋ ጫፍ ላይ አቀረበልን። እንደገና እጅ ደረት ላይ። እንደገና ጠግበናል። ማዳም ሲልቪ ለባሏ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር አለችው። ቋንቋውን አላውቅም፤ ግን እታገኝ ያንኑ ነገር በአማርኛ ብላኝ ስለምታውቅ ገባኝ። ሙሴ አንድሬ ከዚያ በኋላ ስለ ከተማው ማውራት ተወ። ያ ዝምታ ምግቡን አስረሳኝ ብልህ ውሸት ነው፤ ግን አስፈራኝ። ዮናስ ደስ የሚል ነገር ይዘን እስክንደውልለት ስልኩን ታቅፎ ተቀምጧል። እኛ እዚህ የሰውዬውን ፊት እያጠቆርን ነው።

ምግብ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ጣሪያው ወፋፍራም ግንድ። ባለቤቱ ከሙሴ አንድሬ ጋር አብሮ ያደገ ሰው ነው፤ ሽርጡን እንደታጠቀ ወጥቶ ጨበጠን። በዚያ አገር ሥጋውን ሁሉ በቢራ ነው የሚቀቅሉት። ግን ለሐጂ ተብሎ ቢራም ወይን ጠጅም ያልነካው ዓሣ፣ በሌላ ድስት፣ ለብቻው ተሠርቷል። ይህን ስሰማ አፈርኩ። ሰዎቹ ተጨንቀውልናል እኮ!

"ተቀመጡ" አለ ሙሴ አንድሬ። ሦስታችንም ከወንበራችን ጀርባ ቆምን። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ እኛ አንቀመጥም አሉ።

ሰውዬው ጠረጴዛው አልወደዱትም ብሎ አሰበ። ተነስቶ ከምግብ ቤቱ ባለቤት ጋር ተነጋገረና መስኮት አጠገብ ወሰደን። እዚያም ቆምን። ብርድ ነው? መስኮቱ ተዘጋ። ቆምን። ሐጂ፣ አስቀድሞ ጉዳይ አለን አሉ። ሙሴ አንድሬ፣ ጉዳይማ በኋላ ነው፣ እኛ አገር ቁም ነገር የሚነሳው አይብ ሲቀርብ ነው አለ። ሐጂ፣ እኛ አገር እንጀራ ሳይቆረስ ነው አሉ። ተፋጠጡ። አስተናጋጇ ሾርባ ይዛ መጥታ የት እንደምታስቀምጠው ጠፋት። ምግብ ቤቱ በሙሉ ማንኪያውን አስቀምጦ እኛን ያያል።

ሙሴ አንድሬ ፊቱ ቀላ። ቁጭ አለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። "አያቴ ገበሬ ነበረች። ከተጣላችው ሰው ቤት ገብታ እህል አትቀምስም ነበር። ዋፍሉን እንቢ አላችሁ፣ አይቡን እንቢ አላችሁ፣ አሁን ወንበሩን። ልጄን አንፈልጋትም ልትሉኝ ነው የመጣችሁት?"

የማዳም ሲልቪ ዓይን እንባ ሞላ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐጂ አፋቸውን ሳይከፍቱ እኔ ጮህኩ። "ኧረ በእግዚአብሔር! ልንለምንህ ነው እንጂ! ልጅህን ለልጃችን ስጠን ብለን ነው!"

ሰውዬው አፉን ከፍቶ አየኝ። ከዚያ ሳቀ። "እሱ ነው እንዴ? እሺ ነዋ! በደስታ! ተቀመጡ!"

እፎይ! ወንበሬን ሳብኩ። ግማሽ መቀመጫዬ አርፏል፤ ሐጂ ኮቴን ከኋላ ያዙኝ። በአማርኛ፣ ቆይ እንጂ አሉኝ። ልጅቷ ምን ሆና ነው እሱ እንዲህ የቸኮለ? ልጁን የሚወድ አባት ቤተ ዘመድ ሳያማክር ይሰጣል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም? ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞሩና በእንግሊዝኛ፣ ሙሴ፣ እኛ አክብረንህ መጥተናል፣ አንተም አክብረንና አስብበት አሉት። እኔ በዚያች ሰዓት ሐጂ ኑሩን ባንቃቸው ፈራጅ ነፃ ይለቀኝ ነበር።

ሙሴ አንድሬ ሦስታችንንም ተራ በተራ አየን። "እስካስብ ድረስ ትቆማላችሁ?" አለ። እንቆማለን አሉ ሐጂ። "ምግብም አትበሉም?" አንበላም። "ጥሩ" አለና የጨርቅ ናፕኪኑን አንገቱ ላይ ሻጠ። "እኔ ደግሞ ስበላ ነው በደንብ የማስበው።"

እናም በላ። ወዳጄ፣ ሰው እንዲያ ሲበላ አይቼ አላውቅም። መጀመሪያ የሽንኩርት ሾርባ። ቀጥሎ ሙስል የሚሉትን ባለ ቅርፊት የባሕር ምግብ በድስቱ፣ አንዱን ቅርፊት እንደ መቆንጠጫ ይዞ ሌላውን እየነቀለ። ቀጥሎ በቢራ የተቀቀለ የበሬ ሥጋ ከድንች ጥብስ ጋር። በየመሀሉ ሹካውን ያስቀምጥና ጣሪያ ጣሪያ ያያል፤ እያሰበ ነው። ማዳም ሲልቪ መጀመሪያ አልበላም ብላ ነበር፣ ኋላ ድንቹን አንድ አንድ ማለት ጀመረች። እኛ ከኋላ ተደርድረናል። አንድ የገባ ሰው ወንድም ታደሰን በጥቁር ሱፍ አይቶ ካፖርቱን አውልቆ ሰጠው። ታደሰም ትሑት ሰው ነው፣ ወስዶ ሰቀለለት።

ስምንት ሰዓት ሲሆን የታደሰ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። አሁን ቀልድ የለም። ማዳም ሲልቪ ቀድማ አየችው፤ ብድግ ብላ ሁለት ስኳር መዳፉ ላይ አደረገችለት። ታደሰ ሐጂን አየ። እኔ፣ ሐጂ፣ ሰው ሊሞትብዎት ነው አልኩ። ሐጂ ራሳቸው ደንግጠዋል። ዋጥ! ዋጥ! ስኳር ለእሱ መድኃኒት ነው እንጂ እህል አይደለም ብለው ፈረዱ፣ ወንበርም ፈቀዱለት። እኔም ዓይኔ ብዥ አለብኝ፣ ስኳር ሳይጀምረኝ አይቀርም አልኳቸው። አንተ የለብህም፣ ቁም አሉኝ።

ስምንት ተኩል ሆነ። ባቡራችን አሥር ተኩል ላይ ነው። ዘጠኝ ሊሆን ሲል አይቡ መጣ፣ ያ የጠዋቱ ሽታ። ሙሴ አንድሬ ትንሽ ቆረሰ፣ አኘከ፣ ጺሙን ጠረገ። ከዚያ ተነሳና ፊታችን ቆመ። አሁን አይስቅም።

"አስቤአለሁ" አለ። "አንድ ሰው ለወንድሙ ልጅ ብሎ በባዶ ሆዱ እንዲህ ከቆመ፣ ልጄ ሰው ቤት ነው የምትገባው። እሺ።"

አለቀስኩ። የረሀብ ነው ይበሉኝ፣ ግድ የለኝም። ተቃቀፍን። ከዚያ በሙሉ ክብር ወንበራችንን ስበን ተቀመጥን። ባለቤቱ መጣና አዘኔታ ባለው ፊት፣ ኩሽናው ተዘግቷል፣ አብሳዮቹ ሄደዋል አለን። ለሐጂ ዓሣቸው ቀዝቅዞ መጣ። ለእኔና ለታደሰ ዳቦና ያ አይብ። በላሁት። እንዲያውም ሳህኑ ላይ የቀረውን በዳቦ ጠረግሁት።

ሐጂ ግን ድል አድርገዋል፣ አፋቸው ተፈታ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ እሳቸው ላይ ሁለቱም ደርሷል። ዓሣውን እየበሉ ወጉን ከሥሩ አስረዱት። ሽማግሌ ለምን እንደሚቆም፣ ባለቤት ለምን እንደሚሸነፍ። ሙሴ አንድሬ መሐንዲስ ነው፤ ሞተር ፈትተው ያሳዩት ይመስል ይጠይቃል። ጉዳዩ የጋብቻ ብቻ ነው ወይ? አይ፣ ለዕርቅም ለማንኛውም ልመና ይሆናል። ቀድሞ የሚሸነፈው ማነው? የቤቱ እመቤት ናታ፣ አሉ ሐጂ እየሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ እኛም በተራችን ምሳ ጠራናቸው፣ ዌምብሊ። እታገኝ ሦስት ቀን ሙሉ ምድጃ ሥር ነበረች። በሩ ተንኳኳ፤ ሙሴ አንድሬ፣ ማዳም ሲልቪ፣ የሊሉ ምግብ ቤት ባለቤትና አንድ ምርኩዝ የያዙ አዛውንት፣ የሙሴ አንድሬ ታላቅ ወንድም። ሁሉም ክራቫት አስረዋል። ሐጂ ኑሩን ጠርቻለሁ፣ ዮናስና ክሌርም አሉ። ዶሮው ወጣ፣ እንፋሎቱ ቤቱን ሞላው። ተቀመጡ አልናቸው።

ሦስቱ ወንዶች ከወንበራቸው ጀርባ ቆሙ።

ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነው። ሙሴ አንድሬ አልሳቀም። "እኛም ጉዳይ አለን" አለ። ጉዳዩማ አልቆ የለም እንዴ አልኩ። "ያ የእናንተ ነበር" አለና እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "አንድ ልጅ ናት ያለችን። ሊል ሥራ አላት። ልጆቹ እዚያ እንዲኖሩ ፍቀዱልን።"

ዮናስን አየሁት፤ እሱም እንደኔ ደንግጧል። ክሌር ወለሉን ታያለች። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ማለት ይህች ናት። ግን አልተሸነፍኩም፤ መልሱ አፌ ላይ ነው። ቤተ ዘመድ እናማክር፣ በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ። ወጉ የኔ ነው፣ ማን ይከለክለኛል? በዚያ ላይ እንደሱው ቁጭ ብዬ ዶሮዬን እየበላሁ ላስብ እችላለሁ።

ጉሮሮዬን ስጠርግ እታገኝን አየኋት። ዓይኗ አንዴ ዶሮው ላይ ነው፣ አንዴ አዛውንቱ ላይ። ምርኩዛቸው ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ወጡ ላይ ቅቤው መርጋት ጀምሯል።

"እሺ!" ብላ ጮኸች። "እሺ፣ ሊል ይኑሩ! ይሁን! ብቻ ተቀመጡ፣ በረደ እኮ!"

ዮናስ ለክሌር፣ ክሌር ለአባቷ ተረጎመች። ሙሴ አንድሬ ተቀመጠ፣ ሦስት ጊዜ አስጨመረ። ሐጂ ኑሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ጨዋ ሽማግሌ ነው አሉኝ። እንግዶቹ ሲሄዱ ዮናስን፣ እታገኝ ተደናግጣ ነው፣ እናንተ የፈለጋችሁበት ኑሩ አልኩት። እጄን ይዞ፣ ጋሼ፣ ሽማግሌ ፊት የተሰጠ ቃል አይታጠፍም፣ አንተ አይደለህ ያስተማርከኝ አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል፣ ግን ደስ ብሎታል፤ ላስቀረው እንደፈለግሁ ያውቅብኛል፣ ልቡ ሊል እንደሆነ እኔም አውቅበታለሁ።

አሁን ሰው ባገኘን ቁጥር፣ እንኳን ደስ ያላችሁ፣ ሴት ልጅ አገኛችሁ ይለናል። እታገኝ ትስቅና ወደ ጓዳ ትገባለች። እኔም አሜን እላለሁ፤ ምን ልበል? ሴት ልጅ ልንለምን ሄደን ወንድ ልጃችንን ድረን ቁጭ አልን።